ለጉዞም ለትራክም፦ የ1973 ቢኤምደብሊው 2002 ጎማ አመራረጥ የሥራ ማስታወሻ

መጋቢት፣ 1ኛ ሳምንት

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራች ቢኤምደብሊው 2002 ናት። ሞተሯ 1990 ሲሲ፣ ጉልበቷ 100 ፈረስ፣ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ሲሆን፣ የፊት ፍሬኗ ዲስክ፣ የኋላው ደግሞ ታምቡር ነው። ቸርኬዋ 4½ጄ×13 ነው (ስፋቱ 4½፣ ዲያሜትሩ 13 ኢንች)፤ በሊብሬዋ ላይ የተመዘገበው የጎማ ልክም 165 ኤስአር 13 ይላል። ከምኖርበት ከፍራንክፈርት ተነሥቼ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ሆከንሃይም ወይም ወደ ኑርቡርግሪንግ የመኪና ውድድር ትራክ እወስዳታለሁ፤ በበጋ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ሻንጣ ጭነን በተራራ መንገድ ረጅም ጉዞ እንሄድባታለን። ለሁለቱም ሥራ የሚሆን አንድ ዓይነት ጎማ ለማግኘት ነው የተነሣሁት።

ስገዛት ላይዋ የነበሩት ጎማዎች ልካቸው 165/80 አር 13 (ስፋቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 80 በመቶ፣ ቸርኬው 13 ኢንች)፣ የፍጥነት ምልክታቸው ቲ፣ ማለትም እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት የተፈቀደላቸው ነበሩ። ጥርሳቸውን ስለካው 6 ሚሊ ሜትር ሞልቶ አገኘሁት፤ የጀርመን ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 1.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነም ገና ብዙ ያገለግላሉ ብዬ በእነሱ ወደ ሆከንሃይም ሄድሁ። ጠዋቱ ካፊያ ነበረው። ፓራቦሊካ ከተባለው ረጅም ፈጣን ክፍል መጨረሻ ላይ ለሽፒትስኬሬ ጠባብ መታጠፊያ ፍሬን ስረግጥ የፊት ጎማዎቹ ፔዳሉ ገና ሳይጠብቅ ተቆለፉ፤ መሪውን ብጠመዝዘውም መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄዳ ከመንገዱ ውጭ ባለው ሰፊ አስፋልት ላይ ቆመች። ጉዳት አልደረሰም። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ቢደርቅም ጎማዎቹ በየመታጠፊያው እንደ ፕላስቲክ ይንሸራተቱ ስለነበር ከአራቱ ዙር ክፍለ ጊዜዎች ሁለቱን ትቼ ተመለስሁ።

በማግስቱ መኪናዋን ለጋሼ አሳየኋቸው። ጋሼ በሴይቼንቶና በሚሌቼንቶ ፊያቶች ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ጎሚስታ የነበሩ፣ አሁን እዚሁ ጡረታ የወጡ የሰፈሬ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ጥርሱ እኮ ሙሉ ነው» ስላቸው «ልጄ፣ ጥርሱ ሙሉ የሆነ ሽማግሌ አይተህ አታውቅም?» ብለው አጎነበሱና በጎማው ጎን ላይ ያለውን የዶት ቁጥር በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች 1214 ይላሉ፤ ይህም ጎማው እ.ኤ.አ. በ2014 በ12ኛው ሳምንት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። በእኛ ዘመን አቆጣጠር 2014 ቢሆን ኖሮ ገና ትኩስ በሆነ ነበር።

በ24 ዩሮ ዱሮሜትር፣ ማለትም የላስቲክን ጥንካሬ በመርፌ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ገዝቼ አራቱንም ለካኋቸው፤ በሾር ኤ መለኪያ (ቁጥሩ ሲጨምር ላስቲኩ ይበልጥ ደረቅ ነው) 79 አካባቢ ሰጡ። የጎረቤቴን አዲስ የቤተሰብ መኪና ጎማ አስፈቅጄ ስለካው 64 ሆነ። ላስቲክ የሚደርቀው በመነዳት ብቻ ሳይሆን በኦክስጅን፣ በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን ስለሆነ፣ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሳይነካ ያረጃል። በዓመት ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚነዱ አሮጌ መኪኖች ጎማ የሚለወጠው በማለቁ ሳይሆን በማርጀቱ ነው፤ ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያው የትራክ ቀን ክፍያዬ ባልባከነ ነበር።

መጋቢት፣ 3ኛ ሳምንት

ከመግዛቴ በፊት ልክ ማስላት ጀመርሁ። የ13 ኢንች ቸርኬ ዲያሜትር 330 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ላይ የጎማው የጎን ቁመት ሁለት ጊዜ ሲደመር የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር ይገኛል። 165/80 አር 13 ዲያሜትሩ 594 ሚሊ ሜትር፣ 185/70 አር 13 ደግሞ 589፣ 185/60 አር 13 ግን 552 ብቻ ነው። በ15 ኢንች ቸርኬ 195/50 አር 15 576 ይሆናል። የመኪናዋ ዲፈረንሻል ጥምርታ 3.64 እና አራተኛው ማርሽ ቀጥታ ስለሆነ፣ በ120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሞተሩ በዋናው ጎማ 4000 ገደማ፣ በ185/60 ግን 4300 ገደማ ዙር በደቂቃ ይዞራል። ፍጥነት መለኪያውም በዚያው ልክ ከሰባት በመቶ በላይ አብልጦ ያሳያል። ለትራክ ማርሹ ማጠሩ ጥቅም ነው፤ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በአውቶባን ለሚሄድ ሰው ግን የጆሮ ጉዳይ ነው።

በ195/50 አር 15 ብዙ ምርጫ አለ። ይህ ልክ የቀድሞዎቹ የማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪኖች ልክ በመሆኑ ከዮኮሃማ አድቫን ኤ052 እስከ ናንካንግ ኤንኤስ-2አር ድረስ ለትራክ የተሠሩ ጎማዎች በቀላሉ ይገኙበታል፤ የቡሎን አቀማመጡም እንደ 2002ዋ 4×100 ስለሆነ ቡሎኑ ይገጥማል። ነገር ግን መኪናዋ የታሪካዊ ተሽከርካሪ ሰሌዳ አላት። በጀርመን ይህ ሰሌዳ ቢያንስ 30 ዓመት ለሞላው መኪና የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚደረግበት ለውጥም ከመኪናው ዘመን ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ስልክ ደውዬ የጠየቅሁት የተሽከርካሪ መርማሪ ስለ 15 ኢንች ሳነሣ ዝም አለ፤ ዝምታው በቂ መልስ ነበር። ከዚያም በላይ ከተበደርሁት አንድ 15 ኢንች ጎማ ጋር መኪናዋን ከክሪክ አውርጄ መሪውን እስከ ጥግ ስጠመዝዝ የፓራፋንጎው ከንፈር ጎማውን ነካው። ፓራፋንጎ ማጠፍ አልፈልግም። 15 ኢንች በዚህ አበቃ።

ሚያዝያ፣ 1ኛና 2ኛ ሳምንት

ቶዮ ፕሮክሲስ አር888አር በ185/60 አር 13 አራት ገዛሁ፤ እያንዳንዱ 128 ዩሮ፣ በድምሩ 512። ይህ በመንገድ ላይ መነዳት የሚፈቀድለት ሰሚ-ስሊክ ጎማ ነው፤ ጥርሱ ጥቂት፣ ላስቲኩ ለስላሳ ሲሆን የመዋያ ቁጥሩ፣ ማለትም ሳያልቅ የሚቆይበትን መጠን የሚያመለክተው፣ 100 ነው፤ ለመደበኛ የጉዞ ጎማ ከ300 በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ጎማዎቹ ቤት ከደረሱ በኋላ ነበር የቸርኬ ስፋት ሠንጠረዡን ያየሁት። ለ185/60 አር 13 የሚፈቀደው ቸርኬ ከ5 እስከ 6½ ኢንች ሲሆን የእኔ 4½ ነው። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ሲገጠም የጎማው ጎኖች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ መሃሉ ይነፋል፣ መታጠፊያ ላይም ጎማው በቸርኬው ላይ ይዋዥቃል። ልኩን በቅድሚያ ሳላጣራ መግዛቴ ሁለተኛው ስሕተት ነው።

መፍትሔው ከ2002 በኋላ ከመጣው ከቢኤምደብሊው ኢ21 ተከታታይ የተወሰደ 5½ጄ×13 የብረት ቸርኬ ነበር። አራት አሮጌ ቸርኬ በ280 ዩሮ አገኘሁ፤ በአሸዋ አስመትቼ ለማስቀባት ሌላ 160 ወጣ። ዝገቱ ከተጠረገ በኋላ በአንዱ ላይ ከቡሎን ቀዳዳው ተነሥቶ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየኝ፤ ሻጩ ያለ ክርክር ለወጠልኝ። ቀለም ሳይቀቡ መመርመር ይገባል፤ ለስላሳ ጎማ በመታጠፊያ ላይ ቸርኬውን ከቀድሞው በላይ ስለሚያጣምመው፣ የያኔው ጠንካራ ጎማ ያልገለጠው ስንጥቅ በትራክ ላይ ይገለጣል። ለመግጠምና ለባላንስ 80፣ ልኩን በሊብሬው ለማስመዝገብ 110 ዩሮ ተከፈለ።

ሚያዝያ፣ 4ኛ ሳምንት፣ ሆከንሃይም

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ጎማው ስላልሞቀ ተራ ነበሩ። በሦስተኛው ዙር መኪናዋ ሌላ መኪና ሆነች። በዛክስኩርቨ ግራ መታጠፊያ ከዚህ በፊት ጋዝ እለቅበት የነበረው ቦታ አሁን የምጨምርበት ሆነ፤ ፍሬን የምረግጥበትም ምልክት ብዙ ሜትር ወደፊት ተገፋ። ሰዓት መያዝ በእንዲህ ያለ ቀን የተከለከለ ስለሆነ በሴኮንድ ልነግራችሁ አልችልም፤ ከዚህ ቀደም እየጠበቅሁ አሳልፋቸው የነበሩ ዘመናዊ ትንንሽ መኪኖች ከኋላዬ ሲቀሩ ግን በመስተዋት አየሁ።

ደስታው እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ቆየ። ክረምት ላይ የገጠምሁት የዘይት ግፊት ጌጅ በረጅም መታጠፊያ ላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፤ ቀጥታ ላይ ስገባ ይመለሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጎማው ብዙ ስለሚይዝ መኪናዋ በመታጠፊያ የምትሸከመው የጎን ኃይል አድጓል፤ ዘይቱም በካርተሩ ውስጥ ወደ ውጨኛው ጎን ሸሽቶ የፓምፑ መምጠጫ አየር ይስባል። በ165 ጠባብ ጎማ ይህ ችግር አልነበረም፤ ዘይቱ ከመሸሹ በፊት ጎማው ይንሸራተት ነበርና። ከዚያ በኋላ መታጠፊያዎቹን በተቆጠበ ፍጥነት ነዳሁ፤ የገዛሁትን አቅም ራሴ መልሼ መከልከሌ አስቆኛል።

ሌላው የአለቃቀቅ ጉዳይ ነው። አሮጌው ጎማ መሄድ ሲጀምር ጩኸቱም፣ የመሪው መቅለልም ቀድመው ያስታውቃሉ፤ ሰሚ-ስሊኩ ግን እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ይይዝና በአንድ ጊዜ ይለቃል። ሞቶድሮም ወደተባለው የትራኩ የስታዲየም ክፍል ስገባ ኋላው ሲወጣብኝ የመለስሁት በብልኃት ሳይሆን በዕድል ነው። የ2002 ሞላና አሞርዛተር ለእንዲህ ያለ ጎማ አልተሠሩም፤ መኪናዋ በጣም ትጋደማለች፣ የኋላ ጎማዎቿም በጭነት ሥር ማዘንበላቸውን ይቀያይራሉ።

ወደ ቤት ስመለስ በአውቶባን ላይ ዶፍ ዘነበ። ጥርሱ ጥቂት የሆነው ጎማ ውሃውን ወደ ጎን የሚገፋበት በቂ ቦይ ስለሌለው በ90 ኪሎ ሜትር መሪው ባዶ ሲሆን ተሰማኝ፤ በጭነት መኪኖች መካከል በ75 እየተጎተትሁ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ትራክ የምሄደው በመንገድ ጎማ ሲሆን የትራኩን ጎማዎች ከኋላ ወንበርና ከፖርቶ ባጋሊው ጭኜ እዚያው እቀይራለሁ። 13 ኢንች ትንሽ በመሆኑ አራቱም ይገባሉ፤ ሁለት ፊት፣ ሁለት ኋላ እያልሁ በክሪክ ስቀይር ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል።

ግንቦት፣ ሙቀት፣ ግፊትና ካምበር

በ39 ዩሮ የገዛሁት በመርፌ የሚለካ ቴርሞሜትር ብዙ ነገር ነገረኝ። ሆከንሃይም በሰዓት አቅጣጫ የሚነዳ በመሆኑ ከሁሉም የሚጎዳው የፊት ግራ ጎማ ነው። ከክፍለ ጊዜው እንደወጣሁ ስለካው የውስጠኛው ጠርዝ 61፣ መሃሉ 74፣ የውጨኛው ጠርዝ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆነ። ይህ ማለት ጎማው ሙሉ ገጹን ሳይሆን የውጨኛውን ጠርዝ ብቻ ነው የሚሠራበት። ካምበሩን፣ ማለትም የጎማውን ወደ ጎን ማዘንበል፣ ሳስለካ የፊቱ ጎማ አናት 0.3 ዲግሪ ወደ ውጭ አዘንብሎ ተገኘ፤ በጠባብና ረጅም ጎን ባለው ጎማ ዘመን ይህ ነውር አልነበረም፤ ለዝቅተኛ ጎማ ግን ጎጂ ነው።

ግፊቱን በተመለከተ መጀመሪያ የተጓዝሁት በተሳሳተ መንገድ ነው። ቀዝቃዛ ሳለ 2.1 ባር ሞልቼ ስለገባሁ ሲሞቅ 2.7 ደረሰና መሃሉ ብቻ አስፋልት ነካ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጌጁ 2 ባር ሲል በውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት የከባቢ አየሩ ተደምሮ 3 ባር ስለሆነ፣ አየሩ በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 0.1 ባር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በቀዝቃዛ 1.6 ሞልቼ ሲሞቅ 2.1 ላይ እንዲቆም አደረግሁ። ከሁለት ዙር በኋላ ወጥቶ መለካት፣ የተረፈውን ማስተንፈስ፣ አራቱንም በደብተር መጻፍ፤ ማታ በዚያው ጎማ ወደ ቤት ከሄዱ ደግሞ መልሶ መሙላት ያስፈልጋል። ጎማ ሳልቀይር በተመለስሁበት አንድ ቀን ይህን የመጨረሻውን ረስቼ በ1.5 ባር እስከ ዳርምሽታት ነድቻለሁ።

የፊት ካምበር ማስተካከያ ሰሌዳ በ240 ዩሮ ገዝቼ 1.5 ዲግሪ ወደ ውስጥ አዘነበልሁ፤ ካምበርና ኮንቨርጀንሳ (የጎማዎቹን ወደ ፊት አቅጣጫ መገጣጠም) ለማስለካት 95 ተከፈለ። በቀጣዩ ቀን ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ውጭ 73፣ 76 እና 81 ሆኖ ተቀራረበ። ያን ዕለት ማታ ጎማዎቹን ስቀይር ግን የፊት ግራው ሲወዛወዝ ክፍተት ተሰማኝ፤ የሞዞው ኩሽኔታ ሄዷል። ኩሽኔታው 46 ዩሮ ብቻ ነው፤ የሚያሳስበው ግን ጎማው ከመኪናዋ የትኛውን ክፍል ቀጥሎ እንደሚጠይቅ አለማወቄ ነው። ጎማ ከያዘ ሞላ ይጠየቃል፣ ከዚያ ካርተር፣ ከዚያ ቸርኬ፣ ከዚያ ኩሽኔታ፤ በዚህ አካሄድ መኪናዋ የምወዳት መኪና መሆኗ ይቀራል። በግንቦት መጨረሻ ሰሚ-ስሊኮቹን በ190 ዩሮ ሸጥሁ።

ሰኔ፣ ሚሽለን ኤክስኤኤስ እና የካላማዳሪው ጉዳይ

ለጉዞ የመረጥሁት ሚሽለን ኤክስኤኤስ በ165 አር 13 ነው። ይህ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ፣ የውስጥና የውጭ ጎኑ የተለያየ ጥርስ ያለው የመጀመሪያው ጎማ ሲሆን ዛሬም ለአሮጌ መኪኖች ይሠራል፤ የፍጥነት ምልክቱም ኤች፣ ማለትም እስከ 210 ነው። እያንዳንዱ 162፣ አራቱ 648 ዩሮ ሆኑ። ለዚህች ስፋት ላለው ጎማ ውድ መሆኑን አልክድም።

የገጠምኋቸው በዋናዎቹ 4½ጄ ቸርኬዎች ላይ ነው። እነዚህ አሮጌ ቸርኬዎች የጎማው ጠርዝ ወደ ውስጥ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጉብታ ስለሌላቸው ካላማዳሪ ያስፈልጋቸዋል፤ አራት በ72 ዩሮ ገዛሁ፣ መግጠሚያው 60። ጎሚስታው አንዱን ጎማ የውስጥ ጎኑን ወደ ውጭ አድርጎ ገጠመው፤ በጎማው ላይ የትኛው ጎን ወደ ውጭ እንደሚሆን ተጽፎ ሳለ እኔም ሳላይ ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ደርሼ በእጅ መፍቻ ብረት ራሴ አገላብጬ ገጠምሁት፤ በዚህም ኮራሁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ያው ጎማ ሌሊቱን ተንፍሶ አደረ።

ሚስማር ፈለግሁ፣ አልነበረም። ካላማዳሪውን አውጥቼ ውሃ ውስጥ ስነክረው አረፋው የወጣው ከአንድ አራት ማዕዘን ጭረት መሃል ነው። በጎማው ውስጥ የተለጠፈ ትንሽ የወረቀት ምልክት ነበር፤ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር የወረቀቱ ጠርዝ ላስቲኩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው ከርሟል። ጋሼ ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። እርሳቸው ጎማ ሲገጥሙ በመጀመሪያ እጃቸውን ውስጡ ከተው ዙሪያውን ይዳብሱ ነበር፤ ወረቀት ካለ ይልጣሉ፣ ከዚያ ታልክ ዱቄት ነስንሰው ካላማዳሪውን ትንሽ ነፍተው ያስገባሉ። ሌሎቹን ሦስትም አስፈትተውኝ ወረቀታቸውን ላጥን፤ አንደኛው ላይ ፍቂያው ጀምሮ ነበር። አዲስ ካላማዳሪ 18 ዩሮ።

ሐምሌ፣ ስቴልቪዮ

ከፍራንክፈርት እስከ ፕራድ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሻንጣና ከሁለት ሰው ጋር በቀዝቃዛ ፊት 2.0፣ ኋላ 2.1 ባር ሞላሁ። በአውቶባን ላይ መሪው ቀላል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የመንገዱ ጉድጓዶችም ረጅሙ የጎማ ጎን ውስጥ የሚሰምጡ ነበሩ። ከፕራድ ወደ 2757 ሜትር የሚወጡት ቁጥር የተሰጣቸው 48 ጥምዝ መታጠፊያዎች ላይ መኪናዋ ምን ያህል እንደያዘች፣ መቼ ልትለቅ እንደሆነ በመዳፌ አውቅ ነበር። ከዛፎቹ በላይ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ፤ ጎማው ግን ከደረቁ ያነሰ ቢይዝም በዚያው ቋንቋ መናገሩን አላቆመም። በሚያዝያ በሰሚ-ስሊክ በአውቶባን ላይ የነበረኝን ፍርሃት አስታወስሁ።

አናት ላይ ባለ ሆቴል አድረን ጠዋት በ6 ዲግሪ ብርድ ግፊቱን ስለካ ኋላው 2.2 ሆነ። ብርዱ ያወርደዋል ብዬ ስለነበር ጌጁ የተበላሸ መሰለኝና ላስተነፍስ ቫልቩን ነካሁ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ጌጁ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ በዚያ ከፍታ የውጭው አየር 0.7 ባር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ብርዱ የቀነሰውን ከፍታው አብልጦ መልሶታል። አስተንፍሼ ቢሆን ኖሮ ታች ሜዳው ላይ ስደርስ ጎማው ጎደሎ ይሆን ነበር። በቁልቁለቱ ላይ ማርሽ አሳጥሬ ብወርድም ፍሬኑ ቸርኬውን እስኪያቃጥል አሞቀው፤ ጉብታ በሌለው ቸርኬ ላይ ካላማዳሪ ያለው ሰው ይህን ሙቀት ማሰብ አለበት፤ ሁለት ጊዜ ቆሜ አቀዘቀዝሁ።

ነሐሴ እና መስከረም

በኤክስኤኤስ የኑርቡርግሪንግን ረጅም ትራክ፣ ኖርድሽላይፈን፣ ሞከርሁ። 20.8 ኪሎ ሜትር የሆነው አንድ ዙር እጅግ ያስደስታል፤ ሁለተኛውን ሳላቆም ስቀጥል ግን በዙሩ አጋማሽ ረጃጅሞቹ ጥርሶች ሞቀው መለስለስ ጀመሩ፣ መሪውም እንደ ገንፎ ሆነ። ከዙሩ በኋላ የውጨኛው ጠርዝ ላይ ላስቲኩ ተንከባሎ ታየ። አንድ ዙር ነድቶ አንድ ዙር ማረፍ ይቻላል፤ በሆከንሃይም ለሚሆነው የ20 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ግን 162 ዩሮ የተከፈለበትን ጎማ መፍጨት ነው። አንድ ጎማ ለሁለቱም ይሆናል የሚለውን ሐሳብ በዚያው ተውሁት።

ለትራክ ቀን በ5½ጄ ቸርኬዎቹ ላይ 185/70 አር 13፣ ኤች ምልክት ያለው ተራ የመንገድ ላስቲክ ገጠምሁ፤ አራቱ 472፣ መግጠሚያና ባላንስ 70 ዩሮ። እነዚህ ቸርኬዎች ጉብታ ስላላቸው ካላማዳሪ አያስፈልግም። ዲያሜትሩ ከዋናው በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ያነሰ በመሆኑ ፍጥነት መለኪያው አልተዛባም። ለታሪካዊ ሰሌዳውም ችግር አልነበረም፤ ቢኤምደብሊው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው 2002 ቱርቦ የሚጠቀመው ልክ 185/70 ቪአር 13 ነበርና፣ መርማሪው በ75 ዩሮ ያለ ጥያቄ መዘገበው። የፊት ካምበሩን ወደ 1 ዲግሪ መለስሁት፤ ለጉዞውም ለትራኩም የማይጎዳ መካከለኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በመስከረም አጋማሽ ሆከንሃይም ላይ ስድስት ክፍለ ጊዜ ነዳሁ። በቀዝቃዛ 1.9፣ በሙቅ 2.3 ባር። የፊት ግራው ሙቀት 70፣ 74 እና 83 ሆነ። የዘይት ግፊቱ በየትኛውም መታጠፊያ አልወረደም፤ ጎማው ከዘይቱ ቀድሞ ይንሸራተታልና። ኋላው ሲወጣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ሲመለስም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከሚያዝያው ቀን ጋር ሳነጻጽረው ብዙ መኪኖች እንዲቀድሙኝ አሳልፌአለሁ፤ ከሚያዝያው ይልቅ ግን ብዙ ዙር ነድቼ ብዙ ሳቅሁ። ከቀኑ በኋላ የፊት ግራው ጥርስ 0.6 ሚሊ ሜትር አልቆ ተገኘ፤ ከቀኝ ጋር እያቀያየርሁ ከሄድሁ አንድ ስብስብ ስምንት ያህል ቀን የሚቆይ ይመስለኛል።

ወጪውን ከደብተሬ ስደምረው የዱሮሜትሩንና የቴርሞሜትሩን ጨምሮ 3001 ዩሮ ወጥቷል፤ የተሸጡት ሰሚ-ስሊኮች ሲቀነሱ 2811 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ በሰሚ-ስሊኮቹ ግዥ፣ መግጠሚያና ምዝገባ ብቻ 702 ወጥቶ 190 ተመልሷል።

ጥቅምት

ለክረምት ማስቀመጫ ሁለቱንም ስብስብ አጥቤ፣ ግፊታቸውን ከፍ አድርጌ፣ ከፀሐይና ከባትሪ መሙያው ርቀው ምድር ቤት ደረደርኋቸው። ፖርቶ ባጋሊውን ስጠርግ ምንጣፉን አነሣሁ። ስኮርታው ከሥሩ ተኝቷል፤ ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ዱሮሜትሩ 80፣ የዶት ቁጥሩ 1214። ስቴልቪዮን የወጣነውና የወረድነው ይህን ተማምነን ነው። አምስተኛ ኤክስኤኤስ በ162 ዩሮ አዝዣለሁ፤ ሲመጣ ወረቀቱን የሚልጡት ጋሼ ናቸው።